እናቴ ታነብልኝ ነበር

«ስድስቱን ልጆች ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ወደ ቤተ መጻሕፍት እንልካቸዋለን። ለእነሱም ይሻላል፤ ሌላው ሁሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ እነሱ ብቻ ሳያውቁት ቁጭ ብለው ከሚያፍሩ።»

ይህን ያለችው ሄን ናት፤ እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ አስተባባሪ። ናዓማ የሰማቻት ከመምህራኑ ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ የዋጠውን ወረቀት በጥፍሯ ልታወጣ ስትታገል ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። የታሪክ መምህሩ ዳቪድ ስኳሩን ብርጭቆ ውስጥ ሲያማስል ይሰማታል፤ ማንኪያው ቆም አለና «ናዓማስ? ቅር አይላትም?» ሲል ሰማችው። ሄን ሳቅ አለች። «ናዓማ እኮ እንደኛ ናት» አለች። ናዓማ የተቀዳደደውን ወረቀት በእጇ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ቢሆን ኖሮ በኋላ ለራሷ የምትለው ነገር በኖራት ነበር። መጀመሪያ የተሰማት ግን ደስታ ነው። አንዲት ቅጽበት፣ ዓይን እስኪጨፈን ያህል፣ «እንደኛ ናት» የሚለው ቃል ልቧን ሞቅ አደረገው፤ ወዲያው ደግሞ ያ ሙቀት ወደ ፊቷ ወጥቶ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2008 ክረምት ነው፤ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ገና የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተኝቷል። ናዓማ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ስትመጣ ብርቱ ትባል ነበር፤ ናዓማ ያሏት እዚህ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ብርቱ ናት። መምህርት ከሆነች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ሦስተኛው ዓመት ደግሞ የሚወሰንበት ዓመት ነው። ዛሬ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከወረዳ የምትመጣው ተቆጣጣሪ በምትጽፈው ወረቀት ወይ ቋሚ መምህርት ትሆናለች፣ ወይ በሰኔ ዕቃዋን ሰብስባ ትወጣለች። ለዚህ ቀን ያሰናዳችው ትምህርት ስለ ጠቃሽ ዘይቤ ነው፤ ደራሲ ከሌላ መጽሐፍ አንዲት ቃል ወስዶ በራሱ ታሪክ ውስጥ ጣል አድርጎ ሲያልፍ፣ ያንን መጽሐፍ የሚያውቅ አንባቢ ልቡ ይነካል፤ የማያውቀው ዝም ብሎ ያልፈዋል። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ይህ እንዲገባቸው ናዓማ አንድ ልብ ወለድ ከአንድ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ጋር እያጣመረች ታስተምራለች። የዛሬው የሥዕል መጽሐፍ ስለ አንዲት ትንሽ ጃርት ነው። ጃርቷ በዝናብ «ጃንጥላዬን ያያችሁ?» እያለች ከቤት ቤት ትዞራለች፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ዘወር ስትል እናቷ ከኋላዋ እየተከተለች ጃንጥላውን ስትይዝላት ነው የቆየችው። ልብ ወለዱ ውስጥ ደግሞ እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለ፤ በዝናብ ወጥቶ ባለ ሱቁን «ጃንጥላዬን ያያችሁ?» ይለዋል። ጃርቷን የሚያውቅ ልጁ የሚፈልገው ማንን እንደሆነ ይገባዋል። ጃርቷን የማያውቅ ዝናብ የመታው ልጅ ብቻ ነው የሚያየው።

ናዓማ ራሷ ጃርቷን ያወቀቻት በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። መምህራን ኮሌጅ ውስጥ መምህሩ ያንን ምዕራፍ ሲያነብ ክፍሉ በሙሉ እህ ብሎ ተነፈሰ፤ ከፊቷ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ጠረገች፤ ናዓማ ግን ደብተሯ ላይ «ጃንጥላ?» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። አጠገቧ ያለችው ጎንበስ ብላ አይታ «እናትሽ አላነበበችልሽም?» አለቻት፤ ክፋት አልነበራትም፣ ገርሟት ነው። በማግስቱ ናዓማ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄዳ የሕፃናቱ ጥግ ላይ፣ ለአራት ዓመት ልጅ በተሠራች ቢጫ ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯ ድረስ እየደረሰ ተቀመጠች፤ በዚያ ክረምት ከመቶ በላይ የሥዕል መጽሐፍ አነበበች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «ለልጅሽ ነው?» ስትላት «አዎ» ትላት ነበር። እንግዲህ የዛሬው ትምህርት የተወለደው ከዚያች ወንበር ነው። መጽሐፉን በስልሳ አራት ሸቀል ከራሷ ኪስ የገዛችው፣ ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሌላቸው ልጆች አንድ ጊዜ እንኳ በእጃቸው ይዘው እንዲያገላብጡት ብላ ነው። ስድስቱ ትምህርቱን የሚያበላሹ ሳይሆኑ ትምህርቱ የተሰናዳላቸው ናቸው። ይህን ለሄን ልትነግራት ትችል ነበር፤ አጭር ነገር ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሄን የስም ዝርዝሩን ይዛ መጣች። ጥሩ ሴት ናት፤ ናዓማ አዲስ በገባች ጊዜ የራሷን የትምህርት ዕቅድ ያዋሰቻት፣ ስትታመም ተተክታላት ያስተማረች እሷ ናት። እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በዝግታ አስረዳቻት፤ ተቆጣጣሪዋ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምትቆየው፣ ትምህርቱ የሚያምረው ልጆቹ መጽሐፉን ሲያስታውሱ ነው፣ ስድስቱ ከረዳት መምህሯ ጋር የቃላት ልምምድ ይሠራሉ። «አንቺ ከሁላችንም ይልቅ ይገባሻል» አለቻት። ናዓማ ወረቀቱን ተቀበለች። ስድስት ስም ነው፤ ስድስቱም ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። አራተኛው ስም ጋሊ ነበር፤ የወንድሟ የአስማማው ልጅ። ጋሊ የተወለደችው እዚሁ ሐደራ ነው፤ ዕብራይስጧ ከክፍሉ ልጆች ከግማሹ የተሻለ ነው። ናዓማ ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች። «እሺ» አለች።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ናዓማ ቆማ ስሞቹን አነበበች። ስም ማንበብ ከባድ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ታነባለች፤ ዛሬ ግን እያንዳንዱ ስም ከአፏ ሲወጣ አንድ ወንበር ሲንሸራተት ይሰማል፤ ክፍሉም ከሁለተኛው ስም በኋላ የምን ዝርዝር እንደሆነ ገብቶት ጸጥ አለ። ጋሊ ተነሣች። ቤት ውስጥ አክስቷን «ዶዳ» እያለች አንገቷ ላይ የምትጠመጠም ልጅ፣ እዚህ ግን «ሞራ» ነው የምትላት፣ መምህርት፤ ተስማምተዋል። የእርሳስ ከረጢቷን አንሥታ ቀና ሳትል ወጣች። የመጨረሻዋ ውዲቱ ነበረች። ውዲቱ ከእናቷ ጋር ከጎንደር ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስምሽን እንለውጠው ሲሏት እንቢ ያለች ልጅ ናት። በሩ ላይ ቆም ብላ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ «ምን አጥፍተን ነው?» አለች። ናዓማ በዕብራይስጥ መለሰችላት። «ምንም አላጠፋችሁም፤ ልዩ ሥራ አላችሁ» አለቻት። በአማርኛ ለጠየቀቻት ልጅ በዕብራይስጥ መመለሷን ያወቀችው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ትምህርቱ አማረ። ያን ያህል ያምራል ብላ እሷም አልጠበቀችም። ልጆቹ ወንበራቸውን ገፍተው ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ትልልቅ ሰዎች ሆነው የሕፃን መጽሐፍ ሲነበብላቸው መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ ከዚያ «ጃንጥላዬን ያያችሁ?» የሚለው ሲመጣ ሳትነግራቸው በአንድ ድምፅ አብረዋት አሉት። ልብ ወለዱን ከፍተው ያ ልጅ ባለ ሱቁ ፊት ሲቆም ደግሞ አንዱም አልተነፈሰም። አንዷ ልጅ ቀስ ብላ «እናቱን ነው የሚፈልገው» አለች። ተቆጣጣሪዋ መጻፏን ትታ ቀና አለች። ልጆቹ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ፤ አንዱን አያቱ አንብቦለት ነበር፣ አንዷን አባቷ ከውትድርና ፈቃድ ሲመጣ፣ ሌላዋ መጽሐፉን ወንድሟ ቀዶባት አልቅሳ ነበር። ከዚያ ያቺው ልጅ ዓይኗ እንደረጠበ «ሞራ፣ ለአንቺስ ማን አነበበልሽ?» አለቻት።

ናዓማ ዕቅዷ ላይ የጻፈችው መልስ ነበራት። «ለእኔ ማንም አላነበበልኝም፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ ብቻዬን አነበብሁት» የሚል ነው፤ ለስድስቱ ብላ የጻፈችው። ስድስቱ ግን የሉም። ሃያ ሦስት ፊት ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል፤ ተቆጣጣሪዋም ፈገግ ብላለች፤ ክፍሉ እንደ ሞቀ ቤት ነው፤ ከውጭ የቆመች እሷ ብቻ ናት። «እናቴ» አለች። «እናቴ ታነብልኝ ነበር። በየማታው።» አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ራሱ እየተጎተተ መጣ፤ እናቷ የጃርቷን ድምፅ እያቀጠነች፣ የጎረቤቶቿን እያወፈረች ታነብላት እንደነበር፣ ቢጫ ብርድ ልብስ እንደነበራቸው፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ እናቷ ሆን ብላ ዝም ትል እንደነበር። እንዲህ እያለች ቀና ስትል በሩ ክፍት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቶ አግኝተውት ስድስቱ ተመልሰዋል፤ በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ከፊት ጋሊ ናት።

ከልጆቹ አንዱ «የጋሊ አክስት እኮ ናት!» አለ። ተቆጣጣሪዋ ደስ አላትና ወደ ጋሊ ዞረች። «እንግዲያው አያትሽ ናቸው! ለአንቺም ያነቡልሻል?»

ጋሊ አክስቷን አየቻት። አያቷ ሙላቷ በየትኛውም ቋንቋ አንዲት ፊደል እንደማታነብ ጋሊ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ከክሊኒክ የሚመጣውን ደብዳቤ የምታነብላት፣ መድኃኒቱ ላይ ጠዋትና ማታ እያለች ፀሐይና ጨረቃ የምትሥልላት እሷ ናት። ብዙም አልቆየችም። «አዎ» አለች፤ «ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ።» ከኋላዋ ውዲቱ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ አጭር ሳቅ ነው፣ ወዲያው ቆመ። ተቆጣጣሪዋ ጻፈች።

ከእረፍት በኋላ ናዓማን ጠሯት። ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ውዲቱ ጋሊን «ውሸታም፤ አያትሽ የመብራቱን ወረቀት እንኳ የምታስነብበው በእናቴ ነው፣ እናቴ ደግሞ በእኔ» ብላታለች፤ ጋሊ ገፍትራ ጥላታለች፤ የውዲቱ ከንፈር በውስጥ ተሰንጥቋል። ሁለቱም የሄን ቢሮ ውስጥ ቆመው ነበር። ውዲቱ በናፕኪን አፏን ይዛ «ውሸታም ስለሆነች ነው ያልኋት» ትላለች፤ ጋሊ ደግሞ ለምን እንደገፈተረቻት ተጠይቃ ግድግዳውን ታያለች። ሄን ነገሩን በሚዛን ለመያዝ ፈለገች። መግፋት ከባድ ጥፋት ነው፣ ጋሊ ለሁለት ቀን ከትምህርት ትታገዳለች፤ ጓደኛን ውሸታም ማለትም ግን እንደ ምት ነው አለች፤ ስለዚህ ውዲቱ ይቅርታ ትጠይቅ። ናዓማ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ውዲቱ መጀመሪያ ጋሊን፣ ከዚያ ናዓማን አየች፤ ናዓማን ረዘም አድርጋ። ከዚያ ናፕኪኑን ከአፏ አንሥታ «ይቅርታ» አለች። እውነቱን የተናገረችው ልጅ ናት ይቅርታ የጠየቀችው፤ ናዓማ መስኮቱን ከፈተች፣ ክፍሉ ሞቋል አለች።

አስማማው በስድስት ሰዓት ተኩል ደረሰ። ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ካለ መጋዘን ከሥራ ጠርተውት ነው፤ የካርቶን ማሸጊያው ሙጫ ጣቶቹ ላይ ደርቋል፤ ጫማው ጭቃ ስለነበር በሩ ላይ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ሄን ወንበር ሰጠችውና «አንቺ ተርጉሚልን» አለቻት ናዓማን። አስማማው ዕብራይስጥ ይሰማል፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በዕብራይስጥ ታዝዟል፤ ግን አልተቃወመም፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ እህቱ ዞረ። ሄን ተናገረች፣ ናዓማ ተረጎመች። ልጅህ ጓደኛዋን ገፍትራ ጣለች ይላሉ። ለምን እንደሆነ አልናገርም አለች ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከቤት ነው የሚመጣው፣ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ ወይ ይላሉ። «ከቤት» የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ናዓማ አላቆመችም። ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ልክ የምትተረጉም መስላ ቀጠለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ እማዬ መጽሐፍ ታነብልኝ ነበር ብዬ ዋሸሁ። ጋሊ እኔን ለማዳን ብላ አብራኝ ዋሸች። ውዲቱ እውነቱን ብትነግራት ነው የገፈተረቻት። ከዚያ በፊትም፣ አበሻ የሆኑትን ስድስቱን ልጆች ከክፍል አስወጪ ሲሉኝ፣ የጋሊን ስም ራሴ ነኝ ያነበብሁት።»

አስማማው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አንድ ጊዜ አዞረው። ሄን ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች «ረጅም ነገር ነገርሽው፣ ምን አልሽው?» አለች። ናዓማ አፏን ከፈተች። አስማማው ግን ቀደማት፤ በዚያ በመጋዘን ዕብራይስጡ፣ ቃላቱን እንደ ካርቶን አንድ በአንድ እያስቀመጠ «እህቴ ልጅህን በደንብ አሳድግ አለችኝ። ልክ ናት። ይቅርታ» አለ። ሄን ራሷን ነቀነቀች፤ በእሱም ደስ አላት። ወረቀቱን ፈረመ።

በር ድረስ ሸኘችው። ጋሊ ቦርሳዋን አንግታ ቀድማቸው ነው የምትሄደው። አስማማው «ያ የቋሚነቱ ነገር ዛሬ ነበር?» አላት። «ዛሬ ነበር» አለችው። «ደህና ሆነልሽ?» አላት። «ደህና ሳይሆን አልቀረም» አለች። «እንግዲህ ይሁን» አለ፤ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጥቂት ሄዶ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት» አላት። ከዚያ ከልጁ ጋር አውቶቡሱ ወደሚቆምበት ሄዱ፤ መንገዱን ሲሻገሩ እጇን ሊይዛት ዘረጋ፤ ጋሊ አልሰጠችውም፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነውና።

ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዋ የተወችው ወረቀት ሣጥኗ ውስጥ ጠበቃት። «መምህርቷ የልጅነት ትዝታዋን ያካፈለችበት ቅጽበት የትምህርቱ ከፍታ ነው» ይላል። ከሥሩ «አንብቤዋለሁ» የሚል ቦታ አለ፤ ፈረመችበት። ከዚያ በነቬ ሐይም በኩል የሚያልፈውን አውቶቡስ ይዛ እናቷ ሰፈር ጊቫት ኦልጋ ወረደች። የማዕዘኑ አትክልት ሻጭ መንደሪን ኪሎውን በአራት ሸቀል ይላል፤ ከወትሮው በአንድ ሸቀል ይረክሳል፤ እናቷ ዋጋ ሳትጠይቅ ስለማታልፍ ደስ ይላታል ብላ ሁለት ኪሎ ገዛች። የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ባሕሩ ዳር ቆመዋል፤ ነፋሱ ከዚያ በኩል ነው፤ በየበረንዳው የተሰጣው ልብስ ወደ አንድ ጎን ተስቧል። የእናቷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ስታልፈው የኖረችው በር የውዲቱ እናት ቤት ነው። ዛሬም አንድ ደረጃ አልፋው ነበር። ተመለሰችና አንኳኳች።

የከፈተችላት የውዲቱ እናት ናት፤ የሠራተኛ ካፖርቷን ገና አላወለቀችም። ናዓማን ስታይ ደንግጣ ነጠላዋን ከወንበር ላይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ዕድሜዋ ከናዓማ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጣል፤ ግን ናዓማ መምህርት ስለሆነች አንቺ አትላትም። «ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ። ተቆጥቻታለሁ። አፏ አያርፍም፣ ከዚያ ከመጣን ጀምሮ አፏ አያርፍም። ይቅር ይበሉን» አለች። ከኋላዋ ውዲቱ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከንፈሯ አብጧል። ናዓማ ወደ ውስጥ አልገባችም። የመንደሪኑ ፌስታል ጣቷን እየቆረጣት፣ በሩ ላይ እንደቆመች «እኔን ነው ይቅር የምትሉኝ» አለች። «ውዲቱ እውነቷን ነው። እናቴ አታነብም። ክፍል ውስጥ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሄን ፊትም ቆሜ ዝም አልሁ።»

የውዲቱ እናት፣ መምህርት እንዲህ ስትናገር ሰምታ ስለማታውቅ፣ የካፖርቷን ቁልፍ ትነካካለች። ውዲቱ ግን ከሶፋው ተነሥታ መጣች። ስትናገር ከንፈሯ እያመማት ነው። «ነገ ክፍል ውስጥ እንዲህ ትያለሽ?» አለቻት።

«እላለሁ።»

«ስማችንንስ? ደግመሽ ታነቢዋለሽ?»

ናዓማ ስለ ውሸቱ ብዙ አስባ ነበር፤ በአውቶቡሱ መንገድ ሁሉ የምትለውን ስትደረድር ነው የመጣችው። ይህቺ ልጅ ግን ከሁሉም በፊት የምትጠይቃት ስለ ዝርዝሩ ነው። ውሸቷ ለውዲቱ ያን ያህል አልነበረም፤ ሰው ይዋሻል። ስሟ ተጠርቶ ወንበሯን ገፍታ የወጣችው ነው ያመማት። ናዓማ ፌስታሉን መሬት ላይ አኖረችና ስልኳን አወጣች፤ እዚያው በሩ ላይ ሄን ጋ ደወለች። ሄን በደስታ ነው ያነሣችው፤ «ምን ዓይነት ቀን አሳለፍሽ!» አለቻት። ናዓማ ነገረቻት፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ጋሊ፣ ውዲቱ ይቅርታ የጠየቀችበት ነገር እውነት እንደነበር። በመስመሩ ላይ አንድ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ከዚያ ጠፋ። ሄን «ለምን ትነግሪኛለሽ? ወረቀቱ እኮ ሄዷል» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ቁጣ አይደለም፣ የማያገባትን ነገር የተሸከመች ሰው ድካም ነው። ናዓማ «ነገ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ተቆጣጣሪዋም ትወቀው። ጋሊም አትታገድ፤ ካስፈለገ እኔ ልታገድ። ስድስቱም ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ ትምህርቱን የሠራሁት ለእነሱ ነው፤ ጠዋት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አለቻት። «ስለሚመጣው ዓመት ምንም ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አለች ሄን። «አውቃለሁ» አለች ናዓማ። ይቀለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልቀለላትም። ቀና ስትል ውዲቱ ዕብራይስጡን ሁሉ ሰምታለች፤ ለእናቷ በአማርኛ እየተረጎመችላት ነው፤ በሹክሹክታ፣ አንድም ሳታስቀር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ እንደወትሮው አልተቆለፈም። ሙላቷ ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ዝናቡ ሳይመለስ ከበረንዳ የሰበሰበችውን ልብስ ታጥፋለች። ጋሊ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ዘርግታለች፤ አክስቷን ስታይ ቅንድቧን ከፍ አደረገች፤ እንዳትነግሪያት ማለቷ ነው፤ አባቷ እሷንም አስጠንቅቋታል። ሙላቷ «ብርቱ፣ መጣሽ? መንደሪን ስንት ገባ?» አለች። «አራት» አለቻት። «እሰይ» አለች ሙላቷ፤ የአስማማውን ሸሚዝ እጅጌ ወደ ኋላ አጠፈች። ይህ ቤት እንዲህ ነው፤ ሦስት ሰው ተቀምጦ አንድ ነገር እያወቀ ዝም ማለት ይችላል፤ እስከ ነገም፣ እስከ ዓመትም። ናዓማ ጫማዋን አውልቃ ከእናቷ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ዛሬ ስለ አንቺ ዋሸሁ።»

ጋሊ እርሳሷን አስቀመጠች። ሙላቷ «ምን ብለሽ?» አለች።

«ልጅ ሳለሁ መጽሐፍ ታነብልኝ ነበር ብዬ። በየማታው። ሰው ሁሉ ፊት።»

ሙላቷ የጋሊን ሹራብ አጠፈች፣ አንድ ፎጣ አጠፈች፣ ሌላ ፎጣ አንሥታ ጫፍ ከጫፍ ገጠመች። ናዓማ አንገቷን ደፍታ የእናቷን እጆች ታያለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታያቸው ያህል፣ እያንዳንዱን የጣት አጥንት። እናቷ ትቆጣታለች ብላ አሰበች፤ ታለቅሳለች ብላም አሰበች። ሙላቷ ፎጣውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ክምሩ ላይ አኖረችው፤ ከዚያ ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሣ፣ ቀስ ብላ፣ በእውነት ማወቅ እንደምትፈልግ ሰው ጠየቀቻት።

«ለመሆኑ ምን ነበር ያነበብሁልሽ?»